የትውልድ ቦታ

ፒያሳ፣ ወረዳው ቢሮ፣ መስኮት ቁጥር አራት፣
ከሁለት ሰዓት ጀምሬ ቆሜ በሰልፍ ርዝመት፣
ተራዬ ደርሶ ጎንበስ አልኩ፣ በመስታወቱ ቀዳዳ።
ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ደክሞታል፣ የሰው ስም ሲጽፍ ሲያሰናዳ።
«የእናት ስም?»
          «እታፈራሁ።»
«የትውልድ ቦታ?»
          «ሰማይ።»
ጣቱ ፊደሉ ላይ ቀረ፤ እኔን ትቶ ጣሪያ ሲያይ።
«እህቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው፤ ቀልዱ ይቆይ ለማታ።»
ቀልድ አይደለም ወንድሜ፤ ስማኝ ለአንድ አፍታ።

ሰባ ዘጠኝ፣ ግንቦት። ከማጂ ማዶ፣ ከቱም ሣር ሜዳ፣
ላሞቹ በፉጨት ተባረው፣ መንደርደሪያው ሲጸዳ፣
ተነሣች ያቺ ትንሽ አውሮፕላን፣ ክንፏ ከራሷ በላይ፤
እግሯን አታጥፍም፤ ጭቃዋን ይዛ ነው የምትወጣ ሰማይ።
ሁለት ሞተር፣ አሥራ ዘጠኝ ወንበር። የዚያ አገር ሰው
«የሰማይ ውይይት» ይላት ነበር፤ ማን ሊወቅሰው?
ኮረሪማ በኬሻ፣ ማር በቆርቆሮ፣ የመንግሥት ፖስታ፣
እግሩ የታሰረ ዶሮ፣ እናቴ ደግሞ ከኋላ ቦታ።
«ሆድሽ ከልኩ ከበደ» ብሏት የጤና ረዳቱ
ወደ ጥቁር አንበሳ ላካት፣ ሳይደርስ ሰዓቱ።

ጊቤ ከታች እንደ ቡናማ ክር ስትሳብ
ምጡም ደመናውም መጡ፣ እኩል፣ ሳይታሰብ።
አስተናጋጅ የለ፣ መጋረጃ የለ፤ የካፒቴኑ ጀርባ እንኳ ይታያል።
ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ የበርበሬ ነጋዴ፣
«ዞር በሉ ወንዶች!» ትላለች፤ ወንዱ ወዴት ዞር ይላል?
በፖስታው ጆንያ ላይ አጋደመቻት።
እኔ እንግዲህ የተወለድኩት በሰው ደብዳቤ ላይ ነው፤
የማንን ናፍቆት፣ የማንን ክስ አርጥቤ እንደሆነ እንጃ።

ያኔ ነው የቀኙ ሞተር ዘይቱ የሸሸው።
ካፒቴን መርሻ አጠፋው። በመስኮቱ፣
ሲዞር የማይታየው ውልብልቢት ቆሞ ታየ፣ ከነሦስት ጣቱ።
ቀድሞ የመጣው ወንድሜ ነው። ዝም አለ።
ገልብጠው መቱት፣ እፍ አሉበት፤ ዝም አለ።
ከዚያ እኔ። ጮህኩ አሉ፣ ከቀረው ሞተር በላይ።
ካፒቴኑም ፊቱን ሳያዞር፣ እጁ መሪው ላይ፣
«አይዟችሁ» አለ፤ «ያለ አንዱም ትደርሳለች።»

ስለ አውሮፕላኗ ነው ያለው። ይመስለኛል።
እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያን ቃል ስትፈታ ኖረች።
ባለፈው ጥር፣ ያኔ የተላከችበት ሆስፒታል ተኝታ፣
ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ፣
«አንቺን ይሆን እንዴ?» አለችኝ።
ትራሱን አስተካከልኩላት።

የበረራው መዝገብ ላይ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣
«ሲነሣ አሥራ አራት። ሲያርፍ አሥራ አምስት» ይላል።
አሥራ ስድስተኛው በካፒቴኑ ኮት ተጠቅልሎ ወረደ፣
አድራሻው እንደጠፋ ደብዳቤ።

ልጁ ዝርዝሩን ወደ ታች ጎተተ፣ ወደ ላይ መለሰ።
«ሰማይ የለም እዚህ።»
          «ጊቤስ?»
«ወንዝ አይቀበልም።» አንገቱን አከከ። «ቦሌ ልበለው በቃ?»
«ቦሌ ማረፊያ ነው ወንድሜ።
እኔ እዚያ አረፍኩ፤ እሱም አረፈ፤
አየህ፣ ቃሉ አንድ ነው።»
ጻፈው። ቦሌ። ፈረምኩ።

ደረጃውን ወርጄ፣ ቸርችል ቁልቁለት አፋፍ ላይ፣
ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ ይጮሃል፦
«ለገሃር! ስታዲየም! አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!»
ቆሜ ሰማሁት፣ ትንሽ።
«ትገቢያለሽ?»
ገባሁ። በሩ መጀመሪያ አልገጠመም፤
ዳግም ወረወረው፤ ሄድን።