ዘጠኝን ስተረትር

ነሐሴ ላይ ተመለሰ፣ ማልያው በጆንያ ታጭቆ፣
ጭቃው እላዩ ላይ፣ እንደ ዳቦ ቅርፊት ደርቆ።
አሥራ ስምንት ቆጥሬ፣ ተረክቤ ፈረምኩኝ፣
ከስፌት መኪናዬ ጎን፣ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩኝ።
«አያ እብሬ፣ ቁጥሩን ፍታ፤ ለከርሞ ልጅ ይሆናል»
አለኝ የንብረት ክፍሉ፤ ለሱማ ጨርቅ ይመስላል።
ምላጬን አነሳሁ፤ በየስፌቱ መሃል፣
አንድ ክር በበጠስኩ፣ አንድ ጨዋታ ይወጣል።

ጥቅምት ላይ ሲጀመር፣ በኮምቦልቻ ሜዳ፣
ሦስት ለባዶ ነበር፤ ገና በጧቱ ዕዳ።
ሙቀቱ አፈናቸው፣ የደጋ ልጆች ናቸው፣
በሃያኛው ደቂቃ፣ ከዳቸው ጉልበታቸው።
ስንመለስ ሐረጎ ላይ፣ አይሱዙው ሲያቃስት፣
መምህር ጌታሰው ብቻ፣ በጣቱ ይቆጥራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
ሒሳብ ነው የሚያስተምረው፤ ኳስ መትቶ አያውቅም ይባላል፣
ተከላካዩን በጠመኔ፣ በሦስት ማዕዘን ይስላል።

ይሄ የፈንታው ነው፣ ዘጠኝ፤ ኧረ ጉዴን ልንገር፣
ገልብጬ ሰፍቼበት፣ ስድስት ሆኖ ነበር።
ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ «ሁለት ስድስት አይቻልም!»
ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ የምገባበት የለም።
በፕላስተር አቃንተውት፣ እየተንጠለጠለ ገባ፣
በዚያችው ቀን፣ ሐይቆች ላይ፣ ሁለት አገባ።
ከዚያ ወዲያ «አያ እብሬ፣ እንዳታቃናው» አለኝ፣
«ጎሌ ያለው ከግልባጩ ነው፤ እንዲሁ ተውልኝ።»
ፕላስተሩን ነካክቼ፣ እንደ ነበረ ተውኩለት፤
ሰው የሚያምነው ነገር፣ አይታረም በመርፌ ስፌት።

የካቲት ላይ፣ ሆጤ ሜዳ፣ ጦሳ የበልግ ጉሙን ለቆብን፣
ከመሃል መስመር ወዲያ፣ ሜዳው ሁሉ ጠፋብን።
ኳሷ ነጭ፣ ጉሙ ነጭ፤ ጩኸት ብቻ እንሰማለን፣
«ማን ነው ያገባው? ለማን ነው?» እንባባላለን።
አንድ ጎረምሳ ከጉሙ፣ እያለከለከ ወጥቶ፣
«የኛ ነው!» ሲል ጨፈርን፤ ለካ በኛ ላይ ገብቶ!
እስካሁን ያ ጭፈራ፣ ከዓመቱ ሁሉ ይጥመኛል፤
እንዲያ ሳያዩ መደሰት፣ ዳግም መቼ ይገኛል?

መጋቢት ላይ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ፣
ግማሹ በባዶ ሆድ፣ ግማሹ በሽሮ ቆሙ።
ከወልድያ ጋር ነው፣ ጨዋታው ወደ ማምሻው፣
አህመዲንን፣ በረኛችንን፣ ከንፈሩ ነጥቶ ሳየው፣
አዛን ተሰማ ከላይ፤ ኳሷን ወደ ውጭ ለጉለት፣
ፈንታው ካልሲው ውስጥ የደበቃትን፣ አንዲት ተምር አመጣለት።
በላብ የራሰች ተምር! ቢስሚላህ ብሎ ዋጣት፣
ዳኛው ሰዓቱን አየ፤ አንዲት ደቂቃ ጨመራት።
ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ውጤቱን ለሚጠይቀኝ፣
«አሸነፍን» ነው የምለው፤ ይሁና፣ ዋሾ ይበለኝ።

የመጨረሻውንማ፣ ባልተርከው ይሻለኛል፣
ግን ምላጩ ዘጠኝ ላይ ደርሶ፣ እጄን ያዝ ያደርገኛል።
ሰኔ ነው፣ የፈተና ሳምንት፤ ግማሹ ዓይኑ ቀልቷል፣
አህመዲን ከግቡ ጀርባ፣ ደብተሩ ላይ ድንጋይ ጭኖበታል።
አንድ ለአንድ ነን፤ ሊያልቅ ሲል፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣
ፈንታው ኳሷን አስቀመጣት፣ ዞሮ ፈለገ የኔን ፊት።
«አብሽር» አልኩት በእጄ፣ በዓይኔ፣ በከንፈሬ፣
ብረቱን መታ። ድምፁ አለ፣ በጆሮዬ እስከ ዛሬ።
አንዳንዱ ሰደበው፤ እኔም በሆዴ፣ ምን እዋሻለሁ፣
ያን ስድብ ዛሬ ከክሩ ጋር፣ ቀስ ብዬ እነቅላለሁ።

ተመርቀው ሄዱ፤ ፈንታው ደላንታ ተመደበ፣
አህመዲን ባቲ ገበያ፣ ካባቱ ሱቅ ተደረበ።
የኮሌጅ ቡድን መውደድ ይሄ ነው፤
ሦስት ዓመት ያስለምድና፣ በጥቁር ጋዋን ይሸኛል፣
እኔን ግን ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ክፍል ያስደግመኛል።
ስሜ በመዝገብ የለ፣ ደጁን እንጂ ክፍሉን አላውቅ፤
ደጋፊ ነው ብቻውን፣ ወድቆ ወድቆ የማይመረቅ።

ዘጠኙ ተፈታ። ጨርቁን ወደ መስኮቱ ይዤ ሳይ፣
አረንጓዴው ነጥቷል፤ ቁጥሩ ግን አለ፣ እዚያው ላይ።
ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ፣ እንደ ለመለመ ቀርቷል፤
እንዲህ ሲይዙት ዘጠኝ ነው፣ እንዲያ ሲይዙት ስድስት ይሆናል።

ለጥቅምት፣ ከመርሳ የሚመጣ ልጅ አለ ይባላል፣
ትከሻው ጠባብ ነው አሉኝ። በጎን በጎን፣ ጣት ጣት ያህል ይያዛል።