ኤግዚቢት

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ሽፋን አልባውን፣ በሃምሳ ብር ገዝቼ፣
ስታዲየም ጥግ ጫማዬን ለመርክነህ ሰጥቼ፣
ገለጥኩት። መርማሪው ገዳይ ሊይዝ ወጥቶ፣
ሽጉጡን ልኳንዳ ቤት ረስቶ፣
በገዛ ካቴናው ከሽንት ቤት በር ታስሮ፣ ቁልፉም ጠፍቶ…

ሳቄ አመለጠኝ። «ጋሼ» አለ መርክነህ፣
«ጮክ በል እንጂ፣ ለብቻህ ትበላለህ?»
ጮክ አልኩ። ወያላው ታክሲውን ረሳ፣
የባንኩ ዘበኛም ሳቀ፣ የወደቀ ዱላውን ሳያነሳ።
ከኋላዬ ቆሞ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ልጅ
ለካስ ኪሴ ውስጥ ነበረው አንድ እጅ።

ጣቢያ ሄድኩ። ሳጅኑ ቃሌን ጀመረ መጻፍ፦
«ስልክህ ሲሰረቅ ምን ይዘህ ነበር?» «ይሄን መጽሐፍ።»
ገለጥ አድርጎ «ኤግዚቢት ነው፤ ነገ ና» አለኝ።
ከበሩ ሳልርቅ ሳቁ ተሰማኝ።

ስልኩስ ይሁን፤
ገዳዩን ቀድሞኝ ማወቁ ነው ያንገበገበኝ።