ከታች ያለችው መስመር

የካቲት ነው በታርቱ፤ ወንዙ እንደ ሞራ ረግቷል፣
ምድር ቤት ነው ክፍሌ፤ ማሞቂያው ከሰኞ ሞቷል።
ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ጓንቴን በጥርሴ ስቤ፣
አረንጓዴ ፊደል አያለሁ ተርሚናሉን ቀርቤ።

አይቫር ወንድሜ ነው፤ ታሊን፣ ወደቡ ላይ፣ የሌሊት ተረኛ፤
ስልኩ ኪሳችንን ቢያምም፣ ይቺ ጠባብ መስመር ሆነችን መገናኛ።
አንድ በር ብቻ ናት፦
የኔ ሊወጣ፣ የሱ ሊገባ፣ ይላተማሉ ደፍ ላይ፣
ትሪ እንደያዙ ሁለት አስተናጋጆች፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

ስለ ገበያ ስጽፍ እሱ ስለ ባሕር ይልካል፤
ቃሌ ወገቡ ላይ ይሰበራል፦

    ድንች ተ
    አይቫር፦ መርከቡ ዘገየ
    ወደደ

"መርከቡ ማንን ነው የወደደ?" እለዋለሁ።
እሱ ግን ያየው ደህናውን ነው፣ "ድንች ተወደደ"ን፤
ስብራቱ እኔ ስክሪን ላይ ብቻ ነበር።
ቢሆንም ሳስረዳው ይስቅ ነበር።

አንድ ሌሊት ጻፈ፦ "የጎተንበርጉ ሥራ ተሳካ፤ ውሉ መጣልኝ።"
ጣቴ ከሐሳቤ ቀደመኝ፦

    አት
    አይቫር፦ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ማክሰኞ ነው ጉዞ
    ሂድ

ሂድ።
በገዛ እጄ፣ በገዛ ፊደሌ፣ ከሱ ቃል በታች ብቻውን ተጉዞ።
"አት" የታለች? ብዬ ደነገጥኩ፤
ሁለቱን ፊደል አጠፋሁ፣ ሙሉውን ደግሜ ጻፍኩ፣
ሳላጣራ ላክሁ።
ማሽን ግን እንደኛ አይደለም፤ ዓይኑ ቢስት ሆዱ አይረሳም፣
የተቆረጠችው "አት" ከውስጡ ነበረች፤ አልጠፋችም፣ አልተነሣችም፣
ከአዲሷ ጋር ተቆላልፋ ወጣች።
እሱ ዘንድ የደረሰው፦ "አትአትሂድ።"

"ኡርቬ፣ ሁለት 'አት' ምን ማለት ነው?
አለመሄድህን ተው ነው?"
ከሥሩ የሳቅ ምልክት ላከ፣ ሁለት ነጥብና ቅንፍ።
መልሱን ሳውጠነጥን ተረኛው ተቀየረ።
ማክሰኞ ሄደ።

ረቡዕ ተቀመጥኩ። መቶ ሃያ መስመር፣ በሲ ቋንቋ፣ ሁለት ሌሊት።
ለጅምር ቃሌ ጓዳ ሠራሁለት።
እንግዳ መልእክት ሲመጣ፣ እንደ ጨዋ ልጅ "ኖር" ብሎ ይነሣል፣
ቦታውን ይለቃል፣ እንግዳው ወደ ላይ ያልፋል፤
እሱም ተመልሶ ይቀመጣል፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣
ከርሰሩም እዚያው ከነበረበት ብልጭ ይላል፣ ድርግም ይላል።
በመሐል ረጅም ሰረዝ አሰመርኩ፦
ከላይ ያለው ለጆሮ፣ ከታች ያለው ለእጅ።

አሁን ሥርዓት ነው። ማንም የማንንም ቃል አይቆርጥም።
ከመርከብ ሥር "ወደደ" የሚልም ከእንግዲህ አይመጣም።

ከላይ ያልፋሉ፦ ማርጉስ ከሄልሲንኪ፣ የማላውቃት ሴት ከሪጋ፣
የቼዝ ጨዋታ፣ የበረዶ ትንበያ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
ከታች አንዲት ቃል ቁጭ ብላለች፤ መላኪያውን ቁልፍ አልነካሁትም።
የላይኛው ሰማንያ መስመር ሄደ፤ እሷ አልተነቃነቀችም።

ጠዋት ታኔል መጣ፣ ተማሪው፣ ከጫማው በረዶ እያራገፈ፣
"'አትሂድ' ይላል፤ ለማን ነው? ልላከው?" አለ፣ ጣቱን ወደ ቁልፉ እያሳለፈ።

"ተወው" አልኩት። "ሙከራ ነው።
የላዩ ሲያልፍ የታቹ መቆየቱን እያየሁ ነው።"