አራት ነጥብ ሳይመጣ

ሽምብጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ። መስኮቴ ወደ ሐይቁ፣ ፊቴ ወደ ስክሪኑ።
ሃያ ሦስት ጀልባዎች ከውኃ የሚልኩት ቃል
በእኔ ጓዳ ያልፋል፤
ከዚያ ወደየሚስቱ፣ ወደየእናቱ ስልክ ይዘልቃል።

ፕሮግራሜ ሎሌ ነው፤ አንድ ራሱን፣ ብቻውን፤
ካንዱ ደጅ ተገትሮ አያባክንም ሌቱን።
ማን ጠራ? ይላል፤ ይዞራል፤
የተጣለ ቃል ያነሣል፤
ዝም ላለው ሰዓት ቆጥሮ፣ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ቃል ደግሞ ከጣና ሙሉ ሆኖ አይመጣም፤
ማዕበል የቆረጠው መረብ ነው፣
ጫፉ ካንዱ ሞገድ፣ ወገቡ ከሌላው።
እስኪገጣጠም ድረስ የሚቆይበት ስፍራ አለው፤
ባፈር ይሉታል ስሙን።
መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ፤ ቃል ባፈር ይቀመጣል?
አሁን አልስቅም።

ሕጉ አንድ ነበር፦ አራት ነጥብ ሳይመጣ ማንም አያነብም፤
ነገሩን ያልዘጋ ሰው ገና አልተናገረም።

ማክሰኞ ከሰዓት የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ደርሶልኝ መጣ፤
ጫማው ላይ የዓሣ ቅርፊት፣ እጁ ላይ ሁለት ስልክ።
«መልእክቱ ይታገታል» አለኝ፤ «ሚስቶቹ ጨነቃቸው፤
ከምንም ግማሽ ይሻላል፣ ያለው ይድረሳቸው።»
ሰነፍኩ፤ ወይ ይሉኝታ ያዘኝ፤
አንድ መስመር ጨመርኩ፦
አርባ ሰከንድ ቁጠር፤ አርባው ሲሞላ
ባፈር ያለውን አውጣ፣ ላክ፣ አትጠብቅ ሌላ።

የዚያኑ ምሽት ነፋሱ ከደቅ በኩል ተነሣ፤
ዘንባባው እንደ ወረቀት ይቀደዳል፣
መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ይመጣል።
አምስት ሰዓት ከሩብ ሲል ሰባት ቁጥር አፉን ከፈተ
(ስሙን ጀልባዋ ትጽፋለች፣ ቀሪውን ሰውየው)፦

        ይማም ሞተ

ከዚያ ዝም።
ነጥብ የለውም! አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለግድግዳው፤ ነጥብ የለውም።
ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት።
ቆጠራ ያስተማርኩት እኔ፣ አቁም ማለት ያላስተማርኩት እኔ።
አርባው ሞላ።
ሎሌው ታዛዥ ነው፤ ባፈር ያለውን አወጣ፣ ላከ።
ፋሲሎ ውስጥ፣ ትራስ ሥር፣ አንዲት ስልክ ተንዘፈዘፈች፤
ሸምሲያ አነበበች።

ኡኡታውን አልሰማሁም፣ ሽምብጥ ሩቅ ነው፤
እስከ ዛሬ የሚጮህብኝ ያ ያልሰማሁት ነው።

ሁለት ደቂቃ ቆይቶ መስመሩ ተመለሰ፤
ባዶው ባፈር ላይ ወላጅ አልባ ቃል ፈሰሰ፦

        ር ጠፋ፤ እየቀዘፍኩ ነው፤ እራቴን አቆዪልኝ።

ር። አንዲት ፊደል፣ ያውም ሳድስ፣
መቅዘፊያ ላይ እንደ ጎበጠ ሰው የጎበጠች፤
ሞተርን ከሞተ ለይታ፣ አርፍዳ የደረሰች።

ደወልኩ። ለቅሶ ቤት ስልክ ማን ያነሣል?
ባጃጅ ለምኜ ስደርስ ወንበር ይደረደራል፤
ሸምሲያ መሬት ላይ ናት፣ ሴቶቹ ወገቧን ይዘዋል።
«ር ቀርታ ነው!» አልኩ፤ «ር ናት የቀረችው!»
አንድ ሽማግሌ ክንዴን በቀስታ ያዘኝ፣
«አይዞህ ልጄ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» አለኝ።
ስልኬን አወጣሁ፤ የሚያነብ አጣሁ፤ መነጽር ፈለጉ፤
ግማሹ ግማሹን አምኖ እስኪጠራራ፣ እያመነቱ ነጉ።

ጎህ ሲቀድ ይማም መጣ።
መዳፉ ተልጧል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ደንገልና ጭቃ።
ወንበሩን አየ፤ የጎረቤቱን ሁሉ ነጠላ አየ፤
ከበሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ
«ማን ሞተ?» አለ።

መስመሯን ፍቄያታለሁ።
አቶ ደርሶልኝ አሁንም ይደውላል፣ አሁንም ይታገታል ይላል፤ ይበል።
አርባው ሲሞላ ሎሌዬ ባፈር ያለውን አይነካም፤
ወደ ውኃው አንዴ ይጣራል፣ ቁጥሩን ካንድ ይጀምራል፣
ለሚስቲቱም የሚልከው ይህን ብቻ ነው፦
ገና እየሰማሁት ነው