የምልከታ ቅጽ

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ መንደራ ቆጪ ላይ ዝናቡ አላባራም፤
አልቆመም የእናቶች ጥድፊያም፣ የባጃጅ ጡሩምባም።
በራፉ ላይ ቆሟል ጭቃ የጠገበ የትንንሽ ቦት ጫማ ሰልፍ፤
አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራው የጠፋ፣
አንዱ በአፉ ተደፍቶ የወሰደው እንቅልፍ።

እኔ ጥግ ይዣለሁ፤
ለሦስት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ጉልበቴን ከአገጬ አጋጥሜያለሁ።
ዐሥራ ስምንት ጥያቄ፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ሰዓት፤
በየዐሥር ደቂቃው «አዎ» ወይም «አይ» ነው፤ መሀል ቤት የለበት።
«አትሳቂ» ብለውኛል፤ «ልጅ አታንሺ፣ አታውሪ፤
ግድግዳ ነኝ በይና እዚያው ቅሪ።»
ግድግዳው ግን እዚህ ቤት ሥራ ፈትቶ አይውልም፤
ጥፍር የላጠው ቀጭኔ ይሸከማል፣ ፊደል ይሸከማል፣ አያጉረመርምም፤
ዘይባም ወገቧን ሲያማት ትደገፈዋለች፣ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ማንም ሳያያት።
እኔ ምኑን ግድግዳ ሆንኩት?

ጥያቄ አንድ፦ «ልጁ ሲደርስ ተንከባካቢዋ በስሙ ጠራችው?»
ስሙ ኢማድ ነው። እሷ ግን «ኮቱ፣ አባ ቢያ!» አለችው፤
የአገር አባት፣
ሱሪው የወረደ፣ አፍንጫው የሚፈስ ባላባት።
ደረቱን ነፋና፣ ካልሲውን በአንድ እግሩ ብቻ አድርጎ፣
ግዛቱን ሊጎበኝ ዘለቀ፤ ግማሽ ሙዝ ተሰጠው ለደርጎ።
«አዎ» ልበል? «አይ» ልበል?
መስመሩ ላይ ነጥብ አደረግኩና አለፍኩ።

ጥያቄ አራት፦ «እናቱ ስትሄድ ያለቀሰ ልጅ ተጽናና?»
ያለቀሱትማ ተጽናኑ። ያላለቀሰችውስ?
ቢሊሌ አላለቀሰችም።
ከመስኮቱ ሥር ቆማ የእናቷን ሻሽ ከኪሷ ታወጣለች፣
ታሸተዋለች፣ መልሳ ትከታለች፤
ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ።
ዳምነሽ «አይዞሽ» አላለቻትም። ራሷንም አልዳሰሰቻት።
የደረቀ ጨርቅ ክምር ይዛ መጣችና፣ ጀርባዋን ሰጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች፤
አንዱን ዘረጋች፣ ጫፉን ወደ ኋላ አቀበለቻት።
ልጅቷ ጫፉን ያዘች።
አጠፉ። ሌላ።
አጠፉ። ሌላ።
ሻሹ ኪስ ውስጥ ዋለ።
«በቃል አጽናናቻት?» ይላል ንዑስ ጥያቄው።
«አይ» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ አፈረ።

አምስት ሰዓት ላይ የሰባት ወሩ ሙአዝ በረሀብ አለቀሰ፤
ጡጦው እስኪሞቅ ዘይባ አነሣችው፤ ሰማያዊ ጋውኗ ላይ፣
ግራና ቀኝ፣ ሁለት ክብ ቦታ ረሰረሰ።
የጣራ ፍሳሽ መሰለኝ። ቀና አልኩ፤ ጣራው ደህና ነው።
«የኔዋ ነቃች» አለች፣
ለማንም ሳይሆን፣ ለቀጭኔውም ሳይሆን።
አራት ወሯ ነው (ኋላ ከዳምነሽ ነው የሰማሁት)፤
አዌቱ ማዶ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ናት፤
ጠባቂዋም ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት የምትገባው ከሰዓት።
ዳምነሽ ቃል ሳትተነፍስ ፎጣ ጣል አደረገችላት ከትከሻዋ፤
ዘይባ ጡጦውን ሞከረችው በክንዷ፣ ሙአዝ ጠባ፣
ፎጣው ሥር ያለው ርጥበት ሰፋ።

ጥያቄ ዐሥራ አራት፦ «የሥራ ልብሷ ንጹሕና ደረቅ ነው?»

ዐሥር ደቂቃ ሞላ። ሌላ ዐሥር።
አባ ቢያ ግዛቱን ዞሮ ጨርሶ መጣ፤
ካልሲውን ሊያጠልቅ አንድ እግሩን አነሣ፣ የሚደገፍበት አጣ፤
ዞር ዞር ብሎ አየና በሙዝ እጁ ትከሻዬን ያዘ።
አልሳቅኩም። አላወራሁም።
ካልሲው ተረከዙን እስኪያልፍ ድረስ ቀጥ አልኩለት።

ቅዳሜ ቅጹን የሚሰበስቡት
«ዐሥራ አራተኛውን ዘለልሽው» ይሉኛል፤
«ወረቀቱ ረጥቦብኝ ነው» እላለሁ፤ «ጅማ አይደል? ዝናብ ነበር» እላለሁ።