ፉርሽካ

አሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ነው፤ አፉላ ተኝታለች፣
ጊቫት ሃሞሬ ላይ አንዲት አምፖል በርታለች።
የኔ ወጥ ቤት ናት።
አድና ሌሊት ተረኛ ናት፣ ገና አልተመለሰች፤
ጀርባዋ እንዳይቆስል የሰው እናት ታገላብጣለች፣
እኔም እዚህ ቆሜ
ፓንኬክ አገላብጣለሁ፣ እንቅልፌን በዓይኔ ተሸክሜ።

የመጀመሪያው ተቀደደ።
ሁለተኛው ተጣበቀ፣ ሦስተኛው ባንድ ጎኑ ነደደ፤
አራተኛው ግን፣ ተመስገን፣ ክብ ሆኖ ወረደ።

ባለፈው የክሊኒኳ ነርስ ወረቀቴን አይታ
ቀና አለችና በዝግታ፣
"አለልኝ፣ ስኳርህ ደፍ ላይ ቆሟል" አለችኝ፣
"ከነጭ ዱቄት ተፋታ።"

ተፋታሁ።
በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዳኛ፣
ሱፐር ገብቼ ያልተነፋውን፣ ቡናማውን ከረጢት አነሣሁ፣
ዋጋውን አይቼ መለስኩት፣ ዞሬ መጥቼ ደግሞ አነሣሁ።

እናቴ ይህን ብታይ!
እሷ እኮ ለእንግዳ ሁለቴ፣ ለበዓል ሦስቴ ነፍታ፣
የወንፊቱን ጠርዝ በመዳፏ መትታ መትታ፣
የቀረውን ፉርሽካ ለአህያችን ለዳማ ነበር የምትሰጣት፣
በውሃ አርሳ፣ በገበታ።
ያ የዳማ ቁርስ ዛሬ በኪሎ አሥራ ሁለት ሸቅል ነው፤
ነጩ በስድስት።
ግን ሳስበው ዳማ ጤነኛ ነበረች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች፤
ክሊኒክ ደጅ አልጠናችም፣
ጣት አልነበራትም እንጂ፣ ጣቷንም አልተወጋች።

ሻኬድ ነቃች፤ ፒጃማዋን ገልብጣ ለብሳ፣ ዓይኗ ገና አልተገለጠ።
"አባ፣ ይሄ ነጠብጣብ ምንድን ነው? አሸዋ ነው?"
ስንዴ ነው፣ ልጄ።
"ስንዴማ ነጭ ነው።"
ኦፌቅ ደግሞ ሳይቀምስ "ካርቶን" ብሎ ፈረደበት፤
በዕብራይስጥም ባማርኛም ካርቶን ያው ካርቶን ነው፣
አልሰማሁም የማይሉበት፣ ማምለጫ የሌለበት።

መስኮቱን ከፈትኩላት። "ነይ፣ ያ ነው ስንዴ።"
ሸለቆው ሙሉ ተዘርግቷል፣ መጋቢት ነው፣ ገና አረንጓዴ፤
ነፋሱ ይዳብሰዋል፣ ወዲህ አንዴ፣ ወዲያ አንዴ።
"እሱማ ሣር ነው" አለችኝ።
ምን ልበላት?
ዳማም እንደዚያ ነበር የምታስበው።

ሰዓት ግን አይሟገትም። አውቶቡሱ በአንድ ከአምስት፣
የኦፌቅ ግራ ጫማ የለም፤ አልጋ ሥር የለም፣ በረንዳ የለም፣
በየትኛው ጉድጓድ ተከተት?
ሙዝ ጨፈለቅኩ። የቴምር ማር አፈሰስኩ፣ ከልክ ትንሽ ዘለል አርጌ፤
ሽንገላ ነው፣ አውቃለሁ።
የቸኮለ አባት ይዋሻል፤ ጣፋጭ እስከሆነ ድረስ
ውሸቱም ይዋጣል፣ ፉርሽካውን ይዞ እስኪደርስ።
ሦስቱን በፎይል ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ለመክሰስ፤
"የአሥር ሰዓት ምግብ" ይሉታል፣
በኔ ሰዓት አራት ላይ የሚደርስ።

አድና ገባች።
ጫማውን ከልብስ ማጠቢያው ሆድ አወጣችው፤
እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኳት።
ከመጥበሻው አጠገብ ያንን የተቀደደውን፣ የመጀመሪያውን፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቆማ በላችው።
ምንም አላለች።
የተጣበቀውን ደግሞ በማንኪያ ጫፍ ፋቀችው።

ማታ የሻኬድን ቦርሳ ከፈትኩ፤ ፎይሉ ባዶ፣ በአራት ታጥፎ።
"በላሽው?"
"አልበላሁም። ለዩቫል ለወጥኩት።"
"በምን?"
"በነጭ ዳቦ፣ ቾኮላት በተቀባ።"
ዝም አልኩ። ከዚያ ነርስ ፊት የተቀመጥኩ መሰለኝ፣
ወረቀቴን ይዤ፣ ከነእፍረቴ።
"አባ፣ ነገ አምስት አድርገው" አለች፣
"ዩቫል ሁለት ይፈልጋል፤
አንዱን ደግሞ እኔ... ዝም ብዬ፣ ለማየት።"

ከረጢቱን አነሣሁ፣ በእጄ መዘንኩት።
ፋሲካ ሳይገባ ከቤት ዱቄት መጥፋት አለበት፤
ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።
ያልቃል።