የሰኞ መኪና

አክስቴ ቬርና ስቶል፣ የሳጊኖ ነርስ፣
ደብተር ነበራት በኬልሶዋ ኪስ፤
ሽፋኑ ግራሶ፣ ጠርዙ የተበላ፣
ከጸሎት መጽሐፏ ይልቅ የተጉላላ።

«ማርች ዘጠኝ፦ ራዲያተሩ አፈሰሰ።
ሜይ ሁለት፦ ማርሚታው ድልድይ ላይ ፈረሰ።
ጁን፦ ካምቢዮ። ሁለት መቶ አስር ዶላር።
ጁላይ፦ ምንም የለም። ጥሩ ዝናብ ነበር።»

አባቴ፣ ወንድሟ፣ እዚያው ከፋብሪካ
የግራ በር ቡሎን ሲያጠብቅ፣ ሲለካ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ቆሟል በአንድ ቦታ፤
እሱ የገጠመው በር ሲዘጋ ሹክሹክታ።

እሑድ ምሳ ላይ ነው ነገር የሚነሳ፦
«ያቺ የናንተ ጉድ ትናንት ጉድ ሠራችኝ፣
ከሆስፒታል ማዶ በረዶ ላይ ጣለችኝ።»
«የሰኞ መኪና ናት» ይላል ድንቹን ቆርጦ፤
«ሰኞ ግማሹ ሰው አይገባም፣ አምልጦ፤
የገባውም ቢሆን፣ መጠጥ ያልለቀቀው፣
መዶሻውን እንጂ ቡሎኑን አያውቀው።»
«በሩስ?»
«በሩማ የእኔ ነው» ይላታል።
ድንቹ ይቀዘቅዛል።

መነሻው እንዲህ አልነበረም፣ ሲወራ።
ኦረን ኬልሶ የሚባል ማረሻ የሚሠራ
አንጥረኛ ነበር፤ ጋሪ ላይ ሞተር ጭኖ
ለገበሬ ሸጠ፣ በእጁ ተማምኖ።
«ከቆመች ጥሩኝ፣ በእግሬም እመጣለሁ» አለ፤
ሁለት ጊዜ መጣ ይባላል፣ በረዶ እያለ።
ልጁ ቃሉን ወስዶ ዋስትና አደረገው፣
የልጅ ልጁ ደግሞ በጥቃቅን ፊደል አሳደገው፣
ሰባት ገጽ፤ ሰባተኛው ላይ «ይህ አይመለከተንም»።
ከዚያ በኋላ የመጡትን በስም አናውቃቸውም።

በጦርነት ጊዜ የታንክ አክስል ወጣ፤
ከጦርነቱ ወዲያ ክንፍና ኒኬል መጣ፤
መንገዱን አሳመረ። ቆርቆሮው ግን ሳሳ፤
መሐንዲሱ ወጣ፣ ሂሳብ ሹም ተነሳ፤
ከአንዲት ጓርኒሲዮን ሦስት ሳንቲም ቀንሶ
ተሸለመ አሉ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ።
ያቺ ሦስት ሳንቲም፣ በወለድ ተዘርታ፣
አክስቴ ደብተር ላይ ሁለት መቶ አፍርታ
ተገኘች።

ደግሞ ፍርዱ አይገባም። የዴንዚል ኩክ ኬልሶ፣
የዚያው ዓመት ልጅ፣ ያው ቀለም፣ ያው ሻንሲ፣
ድርቆሽ ሲጭንባት፣ ጥጃ ሲጭንባት፣ ዘይቷን እንኳ ረስቶ፣
ሦስት መቶ ሺህ ማይል ሄደች፣ ካንዴላ ብቻ ለውጦ።
የወይዘሮ ፒላርስኪ ግን ፍሬኗ እምቢ ብሎ
የትምህርት ቤቱ ዋርካ ላይ አወጣቻት፤
«ፍሬንዎ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ይምጡ» የሚል ደብዳቤ
በሳምንቱ ደረሳት፣ ክንዷ በጀሶ ታስሮ።

አክስቴን «ሽጪው» ያላት በዝቷል።
ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፤
እሷ ግን ትነሳለች፣ አቧራዋን ታራግፋለች።
ፈረሱን ያሳደገው ወንድሟ ነው፣ ማንን ትሸጣለች?

ማይል ቆጣሪው አምስት ቁጥር ብቻ ነበረው።
ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ሲሞላ
ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ ልክ ዛሬ እንደተወለደች፣
ልክ ማንንም እንዳልበደለች።
ደብተሩ ግን አልዞረም።

ፋብሪካው በኖቬምበር ተዘጋ።
አባቴ መፍቻውን በኮቱ ኪስ ይዞ ወጣ፤
የጠየቀው አልነበረም።

ሁለቱም ካለፉ በኋላ ኬልሶዋን ከጎተራ አወጣኋት።
ወለሏን ዝገት በልቶት መሬቱ ይታያል።
ደብተሩን ገለጥኩ፤ በየዓመቱ መጨረሻ፣
ከድምሩ በታች፣ በቀጭን እርሳስ፦
«የግራ በር፦ ምንም።»
ሃያ ሁለት ጊዜ። አንዱንም አልነገረችውም።

አሮጌ ብረት ገዢው መጣ፣ ሚዛን ላይ ሰቀላት፣
«በር ይጎድላታል» ብሎ ስምንት ዶላር ቀነሰባት።
ባዶ መስመር ፈልጌ ጻፍኩ፦
«ኦክቶበር ስድስት፦ የግራ በር ወጣ። ስምንት ዶላር።
ዝናብ የለም።»